ፌንታኒል ለልብ ገር ነው ከተባለ የልብ ምቱ ለምን እንዲህ ይወርዳል?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሰመመን ሕክምና ተማሪ ነኝ። አንድ ኬዝ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ታካሚዋ 67 ዓመታቸው ነው፣ 60 ኪሎ። የሐሞት ከረጢታቸው በላፓራስኮፒ (ሆድን በጋዝ ነፍቶ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሊወጣ ነው። የደም ግፊት ስላለባቸው በየቀኑ አቴኖሎል 50 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም ወስደዋል። ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ጠረጴዛው ላይ ሲተኙ የልብ ምታቸው 62፣ ግፊታቸው 148/84 ነበር።

ሲኒየሬ 200 ማይክሮግራም ፌንታኒል (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ሰጣቸው። ወዲያው 100 ሚሊግራም ፕሮፖፎል (የሚያስተኛው)፣ ከዚያ ቬኩሮኒየም (ጡንቻ የሚያላላው) ተከተለ። እኔ ማስኩን ይዤ አየር እየሰጠሁ ዓይኔ ሞኒተሩ ላይ ነው። ምቱ 58፣ 51፣ 44 እያለ ወረደ። ግፊቱ 84/46 ሆነ። ሲኒየሬ ሳይደናገጥ 6 ሚሊግራም ኤፌድሪን ሰጠ። ግፊቱ ተመለሰ። የመተንፈሻ ቱቦው ሲገባ 118/70 ነበር፤ ቅንጣት አልዘለለም። «አየሽ፣ ፌንታኒሉ ሥራውን ሠራ» አለኝ።

በቃ አለፈ ስል ደግሞ ሆዳቸው በጋዝ መነፋት ጀመረ። ምቱ በሰከንዶች ውስጥ 31 ገባ። ሲኒየሬ «ጋዙን ልቀቁ!» አለ። ሰርጀኑ ለቀቀ። አትሮፒን 0.6 ሚሊግራም ተሰጠ። ምቱ ወደ 70 ወጣ። ከዚያ ቀስ ተብሎ እንደገና ተነፋና ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ታካሚዋም በደህና ነቁ።

መጽሐፌ ግን «ፌንታኒል የልብን ጡንቻ አያደክምም፣ ለልብ ሕመምተኛ ይመረጣል» ይላል። ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው? ልብን ካልነካ ምቱ ለምን ወረደ? ለምን አንዴ ኤፌድሪን፣ አንዴ አትሮፒን? ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ቢሆን ይሻል ነበር? በዚያን ቀን ኬዝ በኬዝ ላይ ስለነበር ሲኒየሬን ቁጭ ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ከሲሪንጅ ጀርባ፦

እህቴ፣ በደንብ አይተሻል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ይዘሽ ስለመጣሽ መልሱ ቀላል ይሆንልኛል። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ በጀማሪነቱ የሚጠይቅ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

መጽሐፍሽ አልተሳሳተም። ዓይንሽም አልተሳሳተም። ልብ አንድ ነገር ነው፤ ልብን የሚያዙት ነርቮች ደግሞ ሌላ ናቸው። ፌንታኒል የሚደርሰው በዋናነት ነርቮቹ ጋ ነው።

ሁለት ነርቮች አሉ። ቫገስ ምቱን ያቀዘቅዛል። ሲምፓቴቲኩ ምቱን ያፋጥናል፣ የልብን ጡንቻ ያበረታል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ሁለቱንም የሚቆጣጠረው ክፍል የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው። ኦፒዮይድ (እንደ ፌንታኒልና ሞርፊን ያለ ማስታገሻ) የሚያርፍባቸው ተቀባዮች እዚያ በብዛት አሉ። በመደበኛው ጊዜ የቫገስን ሴሎች ዝም የሚያሰኝ ምልክት ይደርሳቸዋል። ፌንታኒል ያንን ምልክት ይቀንሰዋል፤ ቫገስ ይበረታል፣ ምቱ ይወርዳል። በዚያው ልክ ከአንጎል ወደ ሲምፓቴቲክ የሚወርደው ትእዛዝ ይቀዘቅዛል። በተለይ ደም መላሾቹ ይላላሉ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን የልብ ጡንቻው ራሱ አልተነካም።

ጡንቻው እንደማይነካ የታወቀው ደግሞ በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሎዌንስታይንና ባልደረቦቹ ከባድ የአኦርታ ቫልቭ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በኪሎ 1 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ሥር ሰጥተው ልባቸው እንዴት እንደሚሆን ለክተዋል። ዶዙን አስቢው። እኛ ለሕመም የምንሰጠው በኪሎ 0.1 ገደማ ነው። ልባቸው አልደከመም። በ1978 ደግሞ ስታንሊና ዌብስተር ለሚትራል ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ፌንታኒልን በብዙ እጥፍ ከፍ ባለ ዶዝ ከኦክስጅን ጋር ብቻ ሰጡ። ታካሚዎቹ ረግተው ቆዩ። ግፊቱና ከልብ የሚወጣው ደም የቀነሰው ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ሲጨመር ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግረው ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ነው። ፌንታኒል ብቻውን ሲሆንና ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሆን ፍጹም የተለያየ ነገር ነው የምታይው።

አሁን ወደ ታካሚሽ ልመለስ። የደረሰባቸውን ሁሉ ደርድሪው።

አቴኖሎል አስቀድሞ የሲምፓቴቲኩን እጅ ይዞታል። 62 የሆነው ምታቸው በመድኃኒት የተያዘ 62 ነው። ፌንታኒል ቫገሱን አበረታ። በኪሎ ከ3 ማይክሮግራም በላይ ነው፤ ለጎልማሳ ሰው የተለመደ ዶዝ ነው፣ ለ67 ዓመት ሰው ግን ከበድ ይላል። በዕድሜ የገፋ ሰው አንጎል በኦፒዮይድ የበለጠ ስለሚነካ ዶዙን በግማሽ ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ፕሮፖፎል መጣ። ፕሮፖፎል የደም ሥሮችን ያሰፋል። ከዚያ የሚብሰው ግን ግፊት ሲወርድ ምቱ እንዲፈጥን የሚያደርገውን ሪፍሌክስ (ሰውነት በራሱ የሚሰጠውን ምላሽ) ማደብዘዙ ነው። በጤናማ ሰው ግፊቱ 84 ሲገባ ምቱ 100 በደረሰ ነበር። እሳቸው ላይ አንድ ላይ ወረዱ። ቬኩሮኒየም ደግሞ ምትን አይነካም፤ ስለዚህ አላገዘም። ዱሮ በልብ ቀዶ ሕክምና ከፌንታኒል ጋር ፓንኩሮኒየም የሚመረጠው እኮ ቫገስን ስለሚያግድና የወረደውን ምት ስለሚደግፍ ነበር። በላዩ ላይ ጾም አለ፤ የሰውነታቸው ፈሳሽ ቀንሷል።

ከነዚህ አንዱን ብታወጪ ምናልባት ምንም አታይም ነበር። ለዚህ ነው «ፌንታኒል ምት ጣለ» ተብሎ ሲወራ የማልወደው። አራትና አምስት ነገር ተደርቦ ለሠራው ሥራ ፌንታኒልን ብቻ መክሰስ ነው።

ኤፌድሪን ለምን? ያኔ ምቱም ግፊቱም ወርደው ነበር። ኤፌድሪን ሁለቱንም ያነሳል፣ ደም ሥርም ያጠብባል። ደም ሥር ብቻ የሚያጠብበው ፌኒሌፍሪን ቢሰጥ ኖሮ ግፊቱ ይወጣ ነበር፤ ምቱ ግን በሪፍሌክስ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል፣ 44 ላይ ላለ ሰው አልመርጠውም። በነገራችን ላይ እንደ አቴኖሎል ያለ ቤታ ብሎከር በሚወስድ ሰው ላይ ኤፌድሪን እንደሌላው ሰው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዶዝ ቢያስፈልግ አትገረሚ።

31 የገባው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጋዝ የሆድን ሽፋን በድንገት ሲወጥር የቫገስ ሪፍሌክስ ይነሳል። ፌንታኒል ቫገሱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሕክምና ሲኒየርሽ የጮኸው ነው፤ ጋዙን መልቀቅ። መንስኤው ሳይወገድ መድኃኒት መደርደር ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ አትሮፒን ቫገሱን ያግዳል። ዓይን ሲጎተትም፣ አንጀት ሲሳብም ይኸው ነገር ያጋጥማል። ፌንታኒል የወሰደ ሰው ላይ ጠንከር ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳታልፊው። ቱቦው ሲገባ ግፊቱ አለመዝለሉን ጽፈሻል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትይው። ላሪንጎስኮፕ (ቱቦ ለማስገባት ጉሮሮ የሚታይበት መሣሪያ) ጉሮሮ ሲነካ ሲምፓቴቲኩ ይነሳል፤ ግፊት 200 ሊያልፍ፣ ምትም 120 ሊገባ ይችላል። ልብ ራሱን የሚመግበው በአብዛኛው ሲላላ፣ በሁለት ምት መካከል ነው። ምቱ ሲፈጥን ያ ፋታ ያጥራል። ኮሮናሪው (ልብን የሚመግበው ደም ሥር) የጠበበ ሰው ላይ ይህ አደገኛ ነው። እኛ ፌንታኒል የምንሰጠው ይህን ለመከላከል ነው። ስለዚህ ምቱ 50 ሆኖ ግፊቱ ደህና ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። ብዙ ጀማሪ 48 ባየ ቁጥር አትሮፒን ያነሳል። ከዚያ ምቱ 115 ይሆንና ኮሮናሪው የጠበበው ሰው ይጎዳል።

ሰዓቱንም አስቢ። ፌንታኒል ከፍተኛ ውጤቱ ላይ የሚደርሰው በ3 እና 4 ደቂቃ መካከል ነው። ሰጥተሽ ወዲያው ፕሮፖፎል ካስከተልሽ የሁለቱ ውጤት አንድ ላይ ይወድቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቱቦ ካስገባሽ ደግሞ ፌንታኒሉ ገና ሳይደርስ ግፊቱ ይዘላል፤ ቆይቶ ማንም በማይነካቸው ሰዓት ይደርስና ግፊቱን ይጥላል። እኔ ለአዛውንት ፌንታኒሉን ቀነስ አድርጌ አስቀድሜ ሰጥቼ፣ እያወራኋቸው ቆይቼ፣ ፕሮፖፎሉን በዝግታ እገፋለሁ። ያቺ ሦስት ደቂቃ ብዙ ኤፌድሪን ታተርፋለች።

መድኃኒት ቤት፦

ከላይ በደንብ ስለተመለሰ እኔ ፋርማሲስት ስለሆንኩ «ሞርፊን ወይስ ፔቲዲን ቢሆን?» የሚለውን ልውሰድ።

ሞርፊን ሂስታሚን ያስለቅቃል። ይህ በኦፒዮይድ ተቀባይ በኩል አይደለም የሚሆነው፤ ማስት የሚባሉትን ሴሎች በቀጥታ ነክቶ ነው። ሂስታሚኑ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፊት ይቀላል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ግፊት ይወርዳል። መጠኑ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ሁለት ነገር ይጠቅማል፦ በዝግታ መስጠት፣ ታካሚውን ደግሞ አስቀድሞ በፈሳሽ መሙላት። ሂስታሚን የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች የሚያግዱት የኤች 1 እና የኤች 2 ማገጃ አንድ ላይ ቀድሞ ሲሰጥም የግፊቱ መውረድ ይቀንሳል። ሂስታሚኑ መውጣቱን ግን አያቆሙትም፤ የሚያግዱት የሚያስከትለውን ነው። ፌንታኒል፣ ሱፌንታኒል፣ አልፌንታኒልና ሬሚፌንታኒል ይህ ችግር የለባቸውም።

ደግሞ ሞርፊን ቀርፋፋ ነው። ወደ አንጎል የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ከፍተኛ ውጤቱ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቱቦ ሲገባ ለሚመጣው የግፊት መዝለል አይደርስም።

ፔቲዲን ከሁሉም የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሠራ ሲፈለግ የነበረው አትሮፒንን የመሰለ ጡንቻ ማላሊያ ነበር። ሕመም ማስታገሱ በኋላ ነው የታየው። ያ ባሕርይው እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ሌሎቹ ምት ሲቀንሱ ፔቲዲን ያፋጥናል። «እንዲያውም ለዚህ ታካሚ ጥሩ ነበራ!» እንዳትይ። በከፍተኛ ዶዝ የልብን ጡንቻ በቀጥታ ከሚያዳክሙት ኦፒዮይዶች ዋናው እሱ ነው። ሂስታሚንም ያስለቅቃል። የሚፈጥረው ኖርፔቲዲን ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ይጠራቀምና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ዛሬ ከሰመመን በኋላ የሚመጣውን ብርድ ብርድ ማለት ለማስቆም በትንሽ ዶዝ፣ 25 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የመድኃኒት ጠብ ነው። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግድ የድብርት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፔቲዲን መስጠት ሞት ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳት፣ የጡንቻ መገታተር፣ የግፊት መዝለል፣ ራስን መሳት ይከተላል። ትራማዶልም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሜቲሊን ብሉን ነው። በልብ ቀዶ ሕክምና የላላ የደም ሥርን ለማጥበብ፣ ወይም ለማቅለሚያ ይሰጣል፤ እሱም ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል። የታካሚውን የቤት መድኃኒት ዝርዝር ከእጃችሁ አትለዩ።

ሜታዶን የሚባለውን ኦፒዮይድ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ምርመራ) እዩ። ኪውቲውን፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ በየምቱ ተነስቶ እስኪረጋ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ያስረዝማል። የማስመለስ መከላከያው ኦንዳንሴትሮንና የሰመመን ጋዙ ሴቮፍሉሬንም ያስረዝማሉ። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ በላዩ ላይ ፖታሲየሙ ከወረደና ምቱ ከቀዘቀዘ፣ አደገኛ የልብ ምት መዛባት ሊነሳ ይችላል።

የሪከቨሪ ነርስ፦

እኔ የማየው ታካሚው ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። አንድ የምጨምረው አለኝ፣ አንድ ደግሞ የምጠይቀው።

የምጨምረው የኦፒዮይድን ሥራ ስለሚቀለብሰው ናሎክሶን ነው። ታካሚ ትንፋሹ 6 ገብቶ ሲመጣ አንዳንዱ ተደናግጦ አምፑሉን ሙሉ 0.4 ሚሊግራም በአንዴ ይገፋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሕመሙ ሁሉ በአንዴ ይመለሳል። ምት 140፣ ግፊት 210 ሲገባ አይቻለሁ። ሳንባ በውኃ የሚሞላበት ጊዜም አለ፤ ያውም ወጣትና ጤነኛ ሰው ላይ። እኛ አምፑሉን በ10 ሚሊ ሊትር ቀጥነን 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 40 ማይክሮግራም፣ እየሰጠን ሁለት ሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን። እስኪደርስ በማስክ አየር መስጠት ይቻላል፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ደግሞ ናሎክሶን ቶሎ ያልቃል። ሞርፊኑ ይቆያል። ስለዚህ ታካሚው ነቃ ብላችሁ ከዓይናችሁ አታርቁት።

የምጠይቀው፦ በአደጋ ደም የፈሰሰው ሰው ሲመጣ ግፊቱ ደህና መስሎ፣ 110 ሆኖ፣ ትንሽ ፌንታኒል ሲሰጠው 60 የሚገባው ለምንድን ነው? ዶዙ እኮ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርግ ነው።

ከሲሪንጅ ጀርባ፦

እህቴ፣ ስለ ናሎክሶኑ እግዜር ይስጥሽ። ቃል በቃል እስማማለሁ።

የጠየቅሽው ለእኔ ከዚህ ውይይት ሁሉ ዋናው ነው። ያ 110 የሰውየው የራሱ ግፊት አይደለም። ደም ጎድሎታል። ሲምፓቴቲኩ የደም ሥሮቹን ሁሉ አጥብቦ፣ ምቱን 130 አድርሶ፣ ያለውን ጥቂት ደም ወደ አንጎልና ወደ ልብ እየገፋ ነው 110 የሚያስመስለው። በምርኩዝ የቆመ ሰው ነው። ፌንታኒል ደግሞ የሚወስደው ያንኑ ምርኩዝ ነው። 50 ማይክሮግራም ለጤነኛው ምንም አይደለም፤ ለዚህኛው ግን ብዙ ነው።

ሕመሙ ራሱም ይደግፈዋል። ይህን ማለት ይከብዳል፣ ግን እውነት ነው። የተሰበረ ጭን ያለው ሰው በሕመሙ ብዛት አድሬናሊን እያፈሰሰ ነው። ሕመሙን ስታጠፊለት አድሬናሊኑም ይጠፋል። ይህ ማለት «ሕመሙን ተወው» ማለት አይደለም። ሰውን በሕመም ማቆየት ሕክምና አይደለም፤ ማንም ይህን ሰበብ አድርጎ ታካሚ ሲያስጮህ ማየት አልፈልግም። ደሙን እየመለስሽ፣ ፌንታኒሉን በ25 ማይክሮግራም እየቆረስሽ፣ በየመሃሉ ግፊት እየለካሽ ትሄጃለሽ። ኬታሚን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ሲምፓቴቲኩን ያነሳሳል። እሱም ቢሆን አድሬናሊኑ ተሟጦ ያለቀበት ሰው ላይ የልብን ጡንቻ ሊያዳክም ይችላል፤ ስለዚህ ዶዙ ይቀንሳል።

ማንን ነው የምጠረጥረው? ደም የፈሰሰውን፤ አንጀቱ ተዘግቶ ለቀናት ሲያስመልሰው የቆየውን፤ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ የገባበትን፤ ልቡ ደክሞ እጅ እግሩ የቀዘቀዘውን። የልብ ዙሪያው ውኃ የሞላበትን ደግሞ ከሁሉ በላይ። ሞኒተሩ የሚነግርሽ ቁጥር አንድ ነው፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ለማወቅ እጁን ጨብጪው። ምቱ የፈጠነ፣ እጁ የቀዘቀዘ፣ ሽንቱ የቀነሰ ሰው ተደግፎ ነው የቆመው።

የአባቱ ልጅ፦

ይቅርታ፣ እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። ሁሉንም አነበብኩት፣ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ፈራሁ። አባቴ ልቡ ደካማ ነው ተብሏል፤ መድኃኒትም ይወስዳል። በቅርቡ የአንጀት ቀዶ ሕክምና አለው። «ማስታገሻው ልብ ያቆማል» የሚል ነገር ሰምቼ ነበር። እነዚህን መድኃኒቶች አትስጡት ብዬ ልጠይቅ? ያለ እነሱ የሚሰጥ ሰመመን አለ ይባላል።

ከሲሪንጅ ጀርባ፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ አያስፈልግም። መጠየቅህ ጥሩ ነው።

አትከልክላቸው። ልቡ ለደከመ ሰው ሕመምና የቀዶ ሕክምናው ጭንቀት ራሱ ከባድ ሸክም ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ያንን ያቀልላሉ። ሌሎቹ የሰመመን መድኃኒቶች በብዛት ሲሰጡ ልብን ያደክማሉ፤ ኦፒዮይድ ሲጨመር ደግሞ የነሱ ዶዝ ይቀንሳል። በልብ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የቆዩትም ለዚህ ነው። ከላይ ያነበብከው የምት መውረድ ባለሙያው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ መድኃኒቱን ቀድቶ የሚጠብቀው ነገር ነው። ያቺ እናትም በሰላም ነቅተዋል።

ያለ ኦፒዮይድ የሚሰጥ ሰመመን አለ። ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ከሰመመን በኋላ ክፉኛ ለሚያስመልሰው። ለልብ የግድ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባለውን መድኃኒት በሬሚፌንታኒል ፋንታ ሞክሮ፣ በዴክስሜዴቶሚዲን በኩል ከባድ የምት መውረድ ስለታየ ከጊዜው በፊት ቆሟል። ለአንጀት ቀዶ ሕክምና ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ) ወይም የሆድ ግድግዳ ነርቭ ማደንዘዣ ሊጨመር ይችላል፤ የኦፒዮይዱን መጠን ይቀንሳል። ይህንን ጠይቃቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

አንተ የምትረዳው በሌላ መንገድ ነው። አባትህ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነዶዙ፣ በወረቀት ጽፈህ ለሰመመን ባለሙያው ስጥ። የእንቅልፍና የድብርት መድኃኒት ካለ አትደብቅ። ከዚህ በፊት ሰመመን ወስደው የሆነ ነገር አጋጥሟቸው ከነበረ ተናገር። ራሳቸውን ስተው ያውቁ እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወጡ ምን ያህል እንደሚያለከልኩ ንገራቸው። የልብ ምት የሚቀንሰውን መድኃኒት ደግሞ «ምት ይጥላል» ብላችሁ ቤት ውስጥ በራሳችሁ እንዳታቆሙት። በድንገት ማቆሙ ከመውሰዱ የበለጠ አደጋ አለው። የትኛው መድኃኒት ጠዋት ይወሰድ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን እነሱ ይወስኑ።

አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ለካ አቴኖሎሉን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ! አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በሚቀጥለው ሳምንት ሬሚፌንታኒል ወደሚጠቀሙበት ክፍል ነው የምዛወረው። ከፌንታኒል ጋር ሲነጻጸር ምቱ ላይ ምን ልጠብቅ?

ከሲሪንጅ ጀርባ፦

ዓይነቱ አንድ ነው፤ ፍጥነቱ ነው የሚለየው። ሬሚፌንታኒል በደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ደም ውስጥና ቲሹ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስለሚሰብሩት፣ ስድስት ሰዓት ብታስኬጂውም ስታቆሚው በ3 እና 4 ደቂቃ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ፌንታኒል ግን ረጅም ሰዓት ከሄደ ተጠራቅሞ ለመውረድ ሰዓታት ይፈጃል።

ስለዚህ ቦለስ (በአንዴ የሚሰጥ ዶዝ) በፍጥነት አትግፊ። ምት በአንድ ጊዜ 30 ሊገባ፣ ልብ ለጊዜው ሊቆምም ይችላል። ደረትም ሊገታተር ይችላል። በማስክ አየር አልገባ ሲል ኦክስጅን ይወርድና ምቱን ይበልጥ ይጥለዋል። ፓምፑን ዝቅ አድርገሽ፣ በኪሎ በደቂቃ 0.05 ወይም 0.1 ማይክሮግራም ላይ ጀምረሽ፣ እያየሽ ጨምሪ። ለአዛውንት ከዚያም ቀንሺ። ምቱ ከወረደ መጀመሪያ ፓምፑን ቀንሺ፤ ብዙ ጊዜ ያ ብቻ ይበቃል። አትሮፒኑ ግን ተቀድቶ አጠገብሽ ይሁን። የሬሚፌንታኒሉ መስመር ከካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ከገባው ቀጭን ቱቦ) አጠገብ ይገናኝ። በረጅሙ ቱቦ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ሌላ ነገር ስትሰጪ ተገፍቶ በአንዴ ይገባል። ታካሚው ሪከቨሪ ከደረሰ በኋላ ይህ ቢሆን ምቱም ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት መስመሩን እጠቢ።

ሌላው አደጋ መጨረሻ ላይ ነው። ፓምፑ ሲቆም ማስታገሻው በደቂቃዎች ውስጥ ጠፍቶ ያልቃል። ሕመሙ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል፣ ምትና ግፊት ይዘላሉ። ስለዚህ ሞርፊኑን ከማብቃቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብለሽ፣ በዝግታ ስጪ። ሰርጀኑ «እየዘጋሁ ነው» እስኪል ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።